ጨዋታ ሠሪው ተጫዋች

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ ጨዋታን የሚሠራውና የሚጫወተው ሰው ለረጅም ዘመን አንድ ነበር። ከብት ጠባቂው ልጅ ገበጣ ሲያምረው መሬቱን በዱላው ጫፍ ቆፍሮ ጉድጓዶቹን በረድፍ ያበጃል፣ ጠጠሩን ለቅሞ በየጉድጓዱ ያድላል፤ ጠጠሩ በየት አቅጣጫ እንደሚዘራና መቼ እንደሚበላም ጨዋታው ሳይጀመር ከባላጋራው ጋር ይስማማል። የገና ጨዋታም ከዚህ አይለይም፤ ጫፉ የተቆለመመውን ዱላ ከጫካ መርጦ የሚቆርጠውም፣ ሩሩን ማለትም የሚመታውን ድቡልቡል ነገር የሚያዘጋጀውም ራሱ ተጫዋቹ ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣና የመሰሎቹን ዓይነቶች መዝግበዋል፤ ይህን ያህል ዓይነት ሊገኝ የቻለው ጨዋታው አንድ ሕግ አውጪ ስላልነበረውና እያንዳንዱ መንደር እንደ ፈቃዱ ስላሻሻለው ይመስላል።

ይህ አንድነት የተከፈለው ተሠርቶ ያለቀለት ጨዋታ ወደ ከተማ ሲገባ ነው። ጆተኒና ከረንቡላ፣ ኋላም በሰዓት ወይም በጨዋታ ሒሳብ የሚከፈልባቸው ፕሌስቴሽን ቤቶች፣ ለወጣቱ አዲስ መዋያ ሆኑ፤ ጨዋታው ግን በሌላ አገር የተሠራና ውስጡ የማይነካ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም በአዲስ አበባ ለሕዝብ አገልግሎት ቢከፈትም ለክፍለ ሀገር ከተሞች የደረሰው ዘግይቶ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተማዋን ኮምፒውተር ከሚጠቀም ትውልድ ጋር ይበልጥ አቀራረባት። የኦንላይን ጌም፣ ማለትም በተለያየ ቦታ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ጨዋታ፣ የመስመሩን ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ፒንግ የሚባለውን፣ መልእክት ወደ ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜም ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ሲሆን የደጋው ተጫዋች ተኩሶ ሳይጨርስ ተመትቶ ይወድቃል።

በሌላው ዓለም ግን የዚሁ የጨዋታ ፍቅር ተጫዋቹን መልሶ ሠሪ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች በኔትወርክ እርስ በርስ የሚጫወቱትን ፍሪሲቭ የተባለ ጨዋታ ጀመሩና ምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ማንም እንዲያነበውና እንዲያሻሽለው ለቀቁት። ዜሮ ኤ ዲ የተባለው የጥንት ዘመን የጦርነት ጨዋታም በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የኩሽ መንግሥትን ከሥልጣኔዎቹ አንዱ አድርጎ አስገብቷል። በጎ ፈቃደኛው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ስሕተት በማመልከት ነው፤ ቀጥሎ ይተረጉማል ወይም ሥዕል ይሥላል፣ ከዚያም ጥቂት የኮድ መስመር ጽፎ ያቀርባል፣ ነባሮቹም መርምረው ያርሙታል ወይም ይመልሱበታል። የዲማንና የዋሸራን የቅኔ ቤቶች ለሚያውቅ ጎጃሜ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንበትም፤ የቅኔ ተማሪም የሌላውን ቅኔ ሲሰማ ቆይቶ የራሱን ይቆጥርና በነገራ ሰዓት በመምህሩ ፊት ያቀርባል፣ ቤት የሰበረበትም ቦታ እዚያው ይታረምለታል።

ለኢትዮጵያዊው በጎ ፈቃደኛ ሥራው የጀመረው ከጨዋታው በፊት፣ ከፊደሉ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ሆሄ በጋራ በሚሰጡት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ፊደሉን የሚሥል ፎንት በሌለው መሣሪያ ላይ ግን አማርኛ ጽሑፍ የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ክፍተት ከሞሉት መካከል በነፃ የተለቀቁት የሰናምርምር ፎንቶች ይገኙበታል፤ ዲቢያን በተባለው ነፃ ስርዓተ ክወና ውስጥ የሚሠራጩት ዋሽራ በሚል ስም ነው፣ ስሙም የጎጃምን የቅኔ አገር ሳያስታውስ አይቀርም።

በአገር ውስጥ ጨዋታን ሙያ ካደረጉት ቀዳሚ የሆነው በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ኩኩሉ የተባለውን፣ ከባለቤቷ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን የሞባይል ጨዋታ አወጣ፤ ኋላም ገበጣን ወደ ስልክ አመጣው። ድርጅቱ ንግድ እንጂ የበጎ ፈቃድ ማኅበር አይደለም፤ ቢሆንም አገርኛ ጨዋታ በስልክ ላይ እንደሚያምር ያሳየው እርሱ ነው። የሚቀረው ነገር አለ፦ ያለቀለት መተግበሪያ የራሱን ሕግ ይዞ ስለሚመጣ፣ ሁለት እረኞች ሜዳ ላይ ተነጋግረው የሚለውጡትን ደንብ ተጫዋቹ እንዳሻው አይለውጠውም።

ይህን ጉዳይ የፈታው መንገድ ከኔዘርላንድ፣ ከማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ መጣ። ሉዲ የተባለው ፕሮግራም የገበታ ጨዋታዎችን ሕግ በአጭር ጽሑፍ ተቀብሎ ወዲያው የሚያጫውት ሲሆን፣ በውስጡ የውቅሮ፣ የአዲግራትና የሸዋ ገበጣዎች በየስማቸው ተመዝግበው ይገኛሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የኦንላይን ጌም አብሮ ቢቆምም፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም በፍላሽ ተገልብጦ ያለ መስመር ይሠራል፤ የአያቱን የገበጣ ደንብ የሚያውቅ የማቻከል ወይም የጎዛምን ልጅም ጥቂት መስመር ጽፎ የመንደሩን ገበጣ ሊጨምርበት ይችላል።