የላፕቶፕ ቻርጀርን በሌላ ቻርጀር መተካት

የላፕቶፕ ቻርጀር ወይም አዳፕተር በኢትዮጵያ መስመር የሚመጣውን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ወደሚጠቀምበት ዝቅተኛ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ዞን የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ መቀመጫ እንደሆነችው መርጡለ ማርያም ባሉ፣ ከትልልቅ ገበያዎች በራቁ ከተሞች ውስጥ፣ የተበላሸን ቻርጀር በዚያው ሞዴል መተካት ሁልጊዜ ስለማይሆን፣ ከሌላ ላፕቶፕ የተገኘውን መሞከር የተለመደ ነው።

የቻርጀሩ ጫፍ በላፕቶፑ ቀዳዳ ልክ መግባቱ ለመስማማቱ ማስረጃ አይሆንም፤ የሚያስማማው በሁለቱም ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ከቁጥሮቹ ቀዳሚው የውፅአት ቮልቴጅ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ግፊት ሲሆን፣ በላፕቶፖች ላይ በብዛት 19፣ 19.5 ወይም 20 ቮልት ሆኖ ይገኛል። የግማሽ ቮልት ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጉዳት ባያደርስም፣ ከዚያ በላይ የራቀ ቮልቴጅ የማዘርቦርዱን የኃይል ክፍል ሊያቃጥል ይችላል። አምፒር ግን የፍሰቱ መጠን ነውና በተለየ መንገድ ይታያል። አምፒሩ የበዛ ቻርጀር ላፕቶፑን ያቃጥላል የሚለው ሰፊ እምነት ስሕተት ነው፤ ላፕቶፑ የሚስበው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ 19.5 ቮልትና 3.34 አምፒር፣ ማለትም 65 ዋት ገደማ ለሚፈልግ ኮምፒውተር ተመሳሳይ ቮልት ያለው ባለ 90 ዋት ቻርጀር ይሆነዋል። በተቃራኒው ባለ 45 ዋት ቢሰካለት ባትሪው በዝግታ ይሞላል፣ ወይም ጨርሶ አይሞላም፤ ቻርጀሩም ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይግላል። በተጨማሪም በክብ ጫፎች ላይ ፖዘቲቩ መሐል ላይ ይሁን ዙሪያው ላይ፣ በጽሑፉ አጠገብ ያለውን ትንሽ ሥዕል አይቶ ማመሳሰል ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ቢገጥምም እንኳ አንዳንድ ላፕቶፖች እንግዳ ቻርጀር አይቀበሉም። የዴልና የኤችፒ የቆዩ ሞዴሎች መሐሉ ላይ ቀጭን ዘንግ ያለው ተመሳሳይ መጠን ያለው ጫፍ ቢጠቀሙም፣ ዴል በዚያ ዘንግ በኩል የቻርጀሩን ማንነት ስለሚጠይቅ፣ መልስ ካላገኘ ባትሪውን አይሞላም፣ የፕሮሰሰሩንም ፍጥነት ይቀንሳል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ዩኤስቢ ሲ የሚባለው አዲሱ ጫፍ ደግሞ ችግሩን በአብዛኛው አቃሎታል፤ ቻርጀሩና ላፕቶፑ 5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት እንዲሆን አስቀድመው በምልክት ይስማማሉና፤ ከ60 ዋት በላይ ለማስተላለፍ ግን ኬብሉም ለ5 አምፒር የተሠራ መሆን ይኖርበታል። በፎርጅድ ቻርጀር ላይ የተጻፈው ቁጥር ሊታመን ስለማይችል፣ የጥገና ባለሙያ ከመሰካቱ በፊት ቮልቱን በቴስተር ይለካል።

ከዱባይ የሚገቡ፣ በገበያው ስላሽ የሚባሉ ያገለገሉ ላፕቶፖች ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ፣ ከአሜሪካ በዘመድ የሚላኩት ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን እግሮች ያሉት ይዘው ይመጣሉ። በቻርጀሩ ላይ ግብዓቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ከተጻፈ የግድግዳውን ገመድ ብቻ ወደ ክብ እግር መለወጥ ይበቃል። ሆኖም ብረት ለበስ ላፕቶፕ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፣ አለመኖሩ ነው፤ ባለ ሁለት እግር መለወጫ ይህን መስመር ይቆርጠዋል። መብራት ባልገባባቸው የወረዳው ቀበሌዎች የሶላር ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሚሰጥ ለላፕቶፕ በቀጥታ አይሆንም፤ ወደ 220 የሚያሳድግ ኢንቨርተር ወይም ለመኪና የተሠራ ቮልት ማሳደጊያ ቻርጀር መሐል መግባት አለበት።