በሰፈር ጉባኤ የመናገር መብት የማን ነው?

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የተነሳውን ክርክር የማያስታውስ የለም። ቤታቸው በልማት ምክንያት ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የሄዱ አባሎቻችን፣ «መዋጮ እንከፍላለን፣ ጡሩንባ ሲነፋ ሁለት ታክሲ ቀይረን እንመጣለን፤ ታዲያ ስለ ሰፈሩ ስንናገር ለምን እንደ እንግዳ እንታያለን?» ብለው ጠየቁ። ከኛም ወገን፣ «ሰፈሩን ለቆ የሄደ ሰው ስለ ሰፈሩ ምን አገባው?» ያለ አልጠፋም። ነገሩ ሳይቆረጥ ለሚቀጥለው ጉባኤ አደረ። እኛም ጉባኤው እስኪደርስ፣ በዚህች ከተማ ስለ ሰፈር ጉዳይ የመናገር መብት እንዴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እንደኖረ በአጭሩ ብናቀርብ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታው ለመኳንንቱ እየተመራ፣ ሎሌውና ወታደሩ በየጌታው ዙሪያ ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ዛሬም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በዚያን ጊዜ ሰፈርተኛው አቤት የሚለው በጌታው ደጅ እንጂ በጉባኤ አልነበረም።

ከተማዋ ሰፍታ የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር ከተደራጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የአዲስ አበባ ቻርተር ወጣና ከየወረዳው ተመርጠው የሚገቡ የምክር ቤት አባላት እንዲኖሩ ተደረገ። ነገሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን መምረጥ የሚችለው በከተማው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ሰው ነበር። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ተከራይ ነው። የሰፈሩ ቦይ ሲሞላ ጎርፉ የሚገባው ተከራዩ ቤት ነው፤ ስለ ቦዩ የሚናገረውን ሰው የሚመርጠው ግን አከራዩ ነው። በ1950ዎቹ በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያ የሚያምር የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲሠራም ሥርዓቱ ይኸው ነበር።

ታዲያ ተከራዩ የት ይናገር? እድር ላይ ነዋ! እድር የቤት ካርታ አይጠይቅም። መዋጮውን ከከፈለ፣ ቀብር ከወጣ፣ ድንኳን ከተከለ፣ አከራዩም ተከራዩም በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን እኩል ይመርጣል። እንደዚህ ተሰብስበው መነጋገር የለመዱ የአዲስ አበባ እድሮች በ1950ዎቹ ከቀብር አልፈው መንገድ ለማስጠረግ፣ ድልድይ ለማሠራት፣ ዘበኛ ለመቅጠር ገንዘብ ያዋጡ ጀመር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እድርም ቢሆን ሁሉን እኩል አላየም። በብዙ ሰፈር የወንዶችና የሴቶች እድር ለየብቻ ነበር፤ ስለ ሰፈሩ የሚመከረው ደግሞ በወንዶቹ ዘንድ ነው። ንፍሮ የቀቀለች፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር ያደረች እናት ስለ ሰፈሯ ስትጠየቅ ብዙ አይታይም ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ኪራይ ተቀነሰ፤ እስከ 100 ብር የሚከራይ ቤት በቀበሌ ሥር ሆነ፤ በየቀበሌው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ትናንት ድምፅ ያልነበረው ተከራይ መራጭም ተመራጭም ሆነ። ትርፍ ቤት የተወረሰበት ደግሞ በተራው ለአንድ ዓመት እንዳይመርጥና እንዳይመረጥ ተከለከለ። እስቲ ልብ በሉ፤ አስቀድሞ ቤት የሌለው ዝም በል ተባለ፣ ቀጥሎ ቤት የነበረው ዝም በል ተባለ። ሚዛኑ አሁንም ያው ቤት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ዝም አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነጭ ሽብርና በቀይ ሽብር ዘመን የቀበሌ አዳራሽ ሰው የሚፈራው ቦታ ሆነ። ከስብሰባ መቅረት ያስጠረጥራል፤ ተገኝቶ መናገርም ያስፈራል። ጎረቤት ከጎረቤት ተሸሸገ። የልማቱን ሥራ ቀበሌ ስለወሰደው እድር ወደ ቀብሩና ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ቢሆንም እድር ባይኖር ኖሮ ከዚያ ዘመን በኋላ ማን ከማን ጋር ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ ነበር?

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም አደረጃጀቱ ደጋግሞ ተቀያየረ። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ከተማው በ10 ክፍለ ከተማ ተዋቀረ፤ ቀበሌዎቹ ተጨፈለቁ፤ በኋላም ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ መጣ። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ብዙ ሰው ወደ ዳር ወጣ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ እንደ ፒያሳ ያሉ የቆዩ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪውም ተበተነ። የአስተዳደሩ ስም በተለወጠ ቁጥር መዝገቡም ማኅተሙም ይለወጣል። የእድር መዝገብ ግን አባቱ ሲሞት ልጁ እየተተካበት እስከ ዛሬ ዘልቋል።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን እንመለስ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚሉ አባሎቻችን ተሳስተዋል አንልም። ዘበኛውም ቦዩም የሚመለከተው እዚሁ የሚያድረውን ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ነገር የመጨረሻው ቁርጥ ለነዋሪው ቢተው ያስኬዳል። መናገርን መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ ስለፈረሰ ዝም በል ብንል፣ እድራችን አንድም ቀን ጠይቆት የማያውቀውን የቤት ካርታ ዛሬ መጠየቁ ነው። ስለ መዋጮው፣ ስለ ድንኳኑና ስለ መተዳደሪያ ደንቡ ደግሞ የሁሉም እጅ እኩል ይቆጠር።

ስለሆነም በሚቀጥለው ጉባኤ ራቅ ብለው የሚኖሩት አባሎቻችን እንዲደርሱ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ባይሆን፣ የእናቶችም ቃል በቃለ ጉባኤው ቢጻፍ መልካም ነው እንላለን። ማናችንም ብንሆን ነገ የት እንደምናድር አናውቅም። የምናውቀው ማን እንደሚቀብረን ነው።