ከከሰል ጉድጓድ እስከ ሊዝበን፦ የጆክ ስቲን የኳስ ሕይወት

ማታ ከራት በኋላ ስለ ኳስ ስንከራከር ክርክራችን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ማን ስንት ጎል አገባ፣ ማን ስንት ሰው አታልሎ አለፈ። በዚህ ሚዛን ከሄድን ስኮትላንዳዊው ጆክ ስቲን ከቁጥርም የሚገባ አይደለም። በተጫዋችነት ዘመኑ ለአገሩ ዋና ብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን አልተሰለፈም። ከግራ እግሩ በቀር እምብዛም አይሆንለትም ነበር። ታዲያ የስኮትላንድ እግር ኳስ ታሪክ ሲነሣ ስሙ ለምን ከፊት ይመጣል? መልሱን ለማግኘት ከዋንጫው ሳይሆን ከጉድጓዱ መጀመር አለብን።

ስቲን በ1922 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንሰጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ከግላስጎው ከተማ አጠገብ በላናርክሻየር የከሰል ማዕድን አገር ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። በዚያ አካባቢ ለወዛደር ልጅ የተከፈቱት በሮች ሁለት ነበሩ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ አንዱ ወደ ጉድጓድ የሚያወርድ፣ ሌላው ወደ ኳስ ሜዳ የሚያወጣ። ስቲን በሁለቱም ገባ። ጥቂት ጊዜ በምንጣፍ ፋብሪካ ከሠራ በኋላ ገና በጉርምስናው ከመሬት በታች ወረደ፤ በ1942 ደግሞ አልቢየን ሮቨርስ ለሚባል ትንሽ ክለብ መጫወት ጀመረ። ጊዜው የጦርነት ቢሆንም ከሰል ለአገሪቱ አስፈላጊ ስለነበር ቆፋሪ ለውትድርና አይወሰድም ነበር። ስለዚህ ሳምንቱን ከመሬት በታች፣ ቅዳሜን ከመሬት በላይ እያሳለፈ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ።

እነዚህን ዓመታት ዘልለን ማለፍ የለብንም። ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያው ቢናድ፣ ጋዝ ቢፈነዳ፣ የሰው ሕይወት በጎኑ ባለው ባልደረባው እጅ ነው። እዚያ ብልጣብልጥነት አያዋጣም። ስቲን ስሙ ከገነነ በኋላ እንኳ ከከሰል ቆፋሪዎች የተሻሉ የሥራ ጓደኞች እንደማያገኝ ይናገር ነበር።

በ1950 በሃያ ሰባት ዓመቱ መቆፈሪያውን ጥሎ ዌልስ ውስጥ ላኔሊ ወደሚባል ክለብ ሄደ። ሙሉ በሙሉ በኳስ መተዳደር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ክለቡ ግን ከትልቁ ሊግ ውጭ ነበር፤ ሌላ ተጫዋች በሚገንበት ዕድሜ እሱ ከዓይን ርቆ ነበር ማለት ነው። ይባስ ብሎ አገር ቤት ያለው ቤቱ በሌባ ተሰበረ፤ ባለቤቱም እንመለስ አለች። ተመልሶ ከሰል ሊቆፍር ሲያስብ በ1951 መጨረሻ የግላስጎው ክለብ ሴልቲክ በ1,200 ፓውንድ ገዛው። የተገዛውም ከተጠባባቂዎቹ ጋር እየተጫወተ ወጣቶቹን እንዲያግዝ እንጂ ለዋናው ቡድን ታስቦ አልነበረም። ነገር ግን ተከላካዮቹ ሲጎዱ ጊዜ እሱ ገባ፤ ከገባ በኋላም የሚያስወጣው ጠፋ። አምበል ሆነና በ1953 የኮሮኔሽን ዋንጫን፣ በ1954 ደግሞ ሊጉንና የስኮትላንድን ዋንጫ አንድ ላይ አመጣ። በ1955 ከሬንጀርስ ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ፤ በ1957 መጫወት አቆመ። ማነከሱ አብሮት ቀረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ይላል። የስቲን ግን ገና ተጀመረ። መጀመሪያ የሴልቲክን ወጣቶች አሠለጠነ። በ1960 ሊወርድ የተቃረበውን ደንፈርምሊንን ተረክቦ ከመውረድ አዳነ፤ በዓመቱም በዋንጫ ፍጻሜ ያንኑ የቀድሞ ክለቡን ሴልቲክን አሸነፈ። በ1965 ሴልቲክ መልሶ ጠራው። ይህ ጥሪ ቀላል ነገር አልነበረም። ሴልቲክ ከአየርላንድ የመጡ ካቶሊክ ድሆችን ለመርዳት በ1887 የተቋቋመ ክለብ ነው፤ ስቲን ደግሞ ፕሮቴስታንት ነው። ከተማይቱ በሃይማኖት ለሁለት ተከፍላ በኳስ በምትጣላበት ዘመን፣ ካቶሊክ ያልሆነ አሠልጣኝ ሴልቲክን ሲይዝ እሱ የመጀመሪያው ሆነ።

ግንቦት 25 ቀን 1967 ሊዝበን ላይ ሴልቲክ ከኢጣሊያው ኢንተር ጋር ለአውሮፓ ሻምፒዮና ዋንጫ ተገናኘ። ኢንተር ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የወሰደ፣ በር ዘግቶ በመከላከል የታወቀ ቡድን ነበር። ገና በሰባተኛው ደቂቃ ማዞላ በሪጎሬ አገባ፤ ኢንተርም እንደ ልማዱ በሩን ቀረቀረ። ሴልቲክ ግን ማጥቃቱን አልተወም። ከዕረፍት በኋላ ጌሜል አቻ አደረገ፤ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቻልመርስ ሁለተኛውን ጨመረ። ከብሪታንያ ክለቦች ይህን ዋንጫ የወሰደ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚህ ይልቅ እኛን የሚያስደንቀን ሌላ ነው፤ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች የተወለዱት ከክለቡ ሜዳ በ50 ኪሎሜትር ዙሪያ ውስጥ ነበር። ባዕድ አገር ሄዶ የተገዛ ኮከብ በመካከላቸው አልነበረም። በጎንህ ያለውን ሰው እመነው የሚለው የጉድጓዱ ሕግ ሜዳ ላይ ወጥቶ ታየ።

ሴልቲክ ከ1966 እስከ 1974 ሊጉን ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ወሰደ። ውለታው ግን አልተቆጠረም። በ1975 ስቲን በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎዳ፤ በ1978 አሠልጣኝነቱን ሲለቅ ክለቡ ያቀረበለት የሎተሪ ገቢ የሚመራበትን ቦታ ነበር። አልተቀበለም። ሊድስ ዘንድ 44 ቀን ቆይቶ የአገሩን ብሔራዊ ቡድን ያዘ፤ በ1982ም ለዓለም ዋንጫ አደረሰው።

መስከረም 10 ቀን 1985 ካርዲፍ ላይ ስኮትላንድ ከዌልስ ጋር ተጫወተ። ወደ ሜክሲኮው ዓለም ዋንጫ ለመጠጋት አቻ መውጣት ይበቃ ነበር፤ አንድ ለአንድም ወጡ። ስቲን ግን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሜዳው ዳር ወደቀ፤ እዚያው ስታዲየም ሕክምና ክፍል ውስጥ በ62 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ታሪክ እናጠናለን የምንል ሰዎች ከ1967 ብቻ ብንጀምር ዋንጫውን እናያለን፤ ሰውየውን ግን አናገኘውም። በ1950 ላኔሊ ሜዳ ላይ ያየው ተመልካች ይህ የትም አይደርስ ብሎ ቢፈርድ ማን ይወቅሰው ነበር? ማታ በክርክራችን ላይ ተጫዋች ስንመዝን እኛም የምንፈርደው እንደዚያ ተመልካች ነው።