የጎጆ ሥራ መሪው ማን ነበር?

የአገራችን የሕንፃ ጥበብ ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሱት የአክሱም ሐውልቶች፣ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር ግንቦች ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕዝብ ተወልዶ ያደገውና ልጆቹን ያሳደገው በግንብ ውስጥ ሳይሆን ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር በተሠራ ጎጆ ውስጥ ነው። በአማርኛ ትዳር መመሥረት «ጎጆ መውጣት» መባሉም ቤቱና ቤተሰቡ ምን ያህል የማይነጣጠሉ እንደነበሩ ያስረዳል። ታዲያ ይህ ጎጆ ሲሠራ ጊዜውን የወሰነው፣ ጉልበቱን ያስተባበረውና ወጪውን የቻለው ማን ነበር? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ልማድ መነሻነት መመርመር ነው።

ጎጆ የሚሠራበት ወቅት በዘፈቀደ የሚመረጥ አልነበረም። የክዳን ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከጭቃው ጋር የሚቦካው የጤፍ ጭድ የሚገኘው እህሉ ሲወቃ ነው። ገበሬውም ከእርሻ ፋታ የሚያገኘው በበጋ ነው። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ከመኸር በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ይከናወን ነበር። እንጨቱ ተቆርጦ ይከማቻል፤ ቋሚው ዙሪያውን ይተከላል፤ ማገሩ በልጥ ወይም በሐረግ ይታሰራል፤ ምሰሶው ቆሞ ወጋግራው ይዋቀራል፤ ጣሪያው ይከደናል፤ በመጨረሻም ግድግዳው በጭቃ ይመረጋል።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም የአንድ ቤተሰብ ጉልበት አይበቃም። ሕዝቡ ለዚህ ያበጀው መፍትሔ የኅብረት ሥራ ነው። በወንፈል የተሰጠ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፤ በደቦ ግን ጠሪው ለተጠራው ሰው ምግብና መጠጥ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አባወራው እንጨቱን ያሰናዳል፣ ጎረቤቱን ይጠራል፣ ጣሪያ የማዋቀር ጥበብ ያለውን አዋቂ ይለምናል። ከውጭ ለሚመለከት ሰው የሥራው መሪ እርሱ ብቻ ይመስላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የደቦ ጠላ በአንድ ጀምበር አይደርስም። ገብሱ ተነክሮ እስኪበቅልና እስኪደርቅ፣ ጌሾው ተወቅጦ እስኪጠነሰስ፣ እንኩሮው ገብቶ ድፍድፉ እስኪብላላ ብዙ ቀናት ይፈጃል። በደጋ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል፤ በቆላ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። ቀድሞ ከደረሰ ይሆመጥጣል፤ ከዘገየም የተጠራው ሰው ጉሮሮው ደርቆ ይውላል። ስለሆነም የደቦው ቀን የሚቆረጠው በአባወራው ቃል ብቻ ሳይሆን በእማወራዋ ጋን ጭምር ነበር። ስንት ሰው ሊጠራ እንደሚችልም የሚወስነው በጎታ ያለው እህል ነው። የልጆቹ ቀለብ እስከሚቀጥለው አዝመራ ሳይጓደል ለደቦው ምን ያህል እንደሚተርፍ አስልታ የምታውቀው ደግሞ እርስዋ ነበረች። ዛሬ በግንባታ ሙያ የጊዜ ሰሌዳ፣ በጀትና አቅርቦት የሚባሉት ሦስቱ ተግባራት በአብዛኛው በእርስዋ እጅ ነበሩ ማለት ነው።

ድካምዋ በዚህ አያበቃም። ጭቃው የሚቦካበት ውኃ ከምንጭ የሚቀዳው በእንስራ ነው፤ እንስራውን የሚሸከመውም የሴቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ነው። ወንዶቹ ሥራቸውን ፈጽመው ከተበተኑ በኋላ ግድግዳውንና ወለሉን በእበት የምትለቀልቀው፣ ምድጃውን የምታበጀው፣ ጎታውን የምትሠራው እርስዋ ነበረች። ያለ እነዚህ ሥራዎች ጎጆው መጠለያ እንጂ ቤት አይሆንም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል የደቦን መንፈስ በሚገባ ይገልጻል። ሃምሳው ሰው በልቶና ጠጥቶ እንዲውል ሌሊት የቆመችው ሴት ሸክም ግን በአባባሉ ውስጥ አልተቆጠረም። ይህን ማለት ደቦን ማንኳሰስ አይደለም፤ የደቦን ሒሳብ ሙሉ ማድረግ ነው።

ከተማ ሲስፋፋ የቤት ሥራ አመራር መልኩን ለወጠ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአካባቢው ደን በማገዶና በቤት ሥራ ተመናመነ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ግን ለቋሚና ለማገር ፈጥኖ ደረሰ። በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ ቆርቆሮን የመሰለ ከባድ ሸቀጥ ማጓጓዝ ቀለለ። የቤት ስፋት በቆርቆሮ ቁጥር ይነገር ጀመር፤ «የ30 ቆርቆሮ ቤት» ማለት የባለቤቱን አቅም መናገር ሆነ። አናጢው፣ ግንበኛውና ጭቃ አቡኪው በገንዘብ ተቀጠሩ። በገጠር የደቦ ደመወዝ የነበረው ጠላም በከተማ ሸቀጥ ሆነ፤ ጠላ በመጥመቅና እንጀራ በመሸጥ ኑሮ የገፉ፣ ጠብ ጠብ ያለውን ገንዘብ በእቁብ አጠራቅመው ጣሪያ ያለበሱ እናቶችን የማያስታውስ የከተማ ሰው ጥቂት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚሆን እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ሊያገኝ እንደሚችል ደነገገ። በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ፤ በማኅበር ተደራጅቶ ቤት መሥራትም ተስፋፋ። የቤት ሥራ አመራር ከጋንና ከጎታ ወጥቶ ወደ ቃለ ጉባኤና ወደ ሒሳብ መዝገብ ገባ። በመዝገቡ ሲሚንቶውና ሚስማሩ በቁጥር ሲሰፍሩ፣ ለሠራተኛው ምሳ ያደረሰችውና ዕቃውን ሌሊት የጠበቀችው እማወራ ድካም የሚጻፍበት ዓምድ ግን አልነበረም።

ጉዳዩ የምስጋና ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ሕጉን መመልከት ይበጃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ከሚስት የግል ገቢ በቀር የጋራውን ሀብት እንዲያስተዳድር ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። ስለዚህ ጎጆውን በእኩል ድካም ያቆመችው ሴት፣ ስለ ጎጆው በሚወሰንበት ጊዜ እኩል ድምፅ አልነበራትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ለውጦ የጋራ ንብረት በሁለቱም እንዲተዳደር ደነገገ። በ1990ዎቹ ማብቂያ በአዲስ አበባ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራምም ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለየ። እነዚህን እርምጃዎች እንደ ችሮታ ማየት ስሕተት ይሆናል፤ ለዘመናት ሳይከፈል የቆየ ዕዳ መከፈል መጀመሩ ነውና።

መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ሲልኩ «ቤታችንን ማን ሠራው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ለደቦው ስንት ጋን ተጠመቀ? ውኃውንስ ማን ቀዳ?» የሚል ጥያቄ ያስይዟቸው። ሠዓሊውም የደቦን ዕለት ሲሥል በጣሪያው ላይ ከተሰለፉት ወንዶች ባሻገር ከጓዳው የሚወጣውን ጢስ ይመልከት። ያን ዕለት የሚያውቁ እናቶች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ሒሳቡም የተጻፈው በእነርሱ ትዝታ ላይ ብቻ ነው።