ከበቅሎ ማሰሪያ እስከ መናኸሪያ፤ የተሽከርካሪ ማቆሚያ በከተሞቻችን አስተዳደር ታሪክ

የከተማን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ መስጊዱ፣ ስለ ገበያውም በሰፊው ይተርካሉ። መንገደኛው የመጣበትን የጋማ ከብት ወይም ተሽከርካሪ የት እንዳቆመ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም በማዘጋጃ ቤት ሥራ ለሚውል ባለሙያ፣ ይልቁንም በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በከላላ፣ በወግዲ፣ በቦረናና በለጋምቦ ከተሞች ለሚሠራ የማኅበራችን አባል፣ ጉዳዩ በየገበያው ቀን ከደጁ የሚቆም ነው።

ወደ ዓባይ በሚወርዱ ወንዞች ሸለቆ በተቆራረጠው በዚህ ደጋ፣ ከመኪና በፊት የነበረው ማጓጓዣ አጋሰስ፣ በቅሎና አህያ ነበር። ነጋዴው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ከብቱን ከገበያው ዳር ያስራል፤ ጠባቂም ያቆምለታል። ገበያው ራሱ በተራ የተከፈለ ነው፤ እህል ተራ፣ ጨው ተራ፣ ከብት ተራ እየተባለ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው «ተራ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ማቀፉን ነው፤ ስፍራንም ፈረቃንም ያመለክታል። ኋላ መኪና ሲመጣ ሕዝቡ አዲስ ቃል አላስፈለገውም፤ አውቶቡስ ተራ፣ ታክሲ ተራ፣ ተራ አስከባሪ አለ። ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። ተገልጋዮቹ ራሳቸው የሚያስከብሩት ሥርዓትና ለጠባቂ የሚከፈለው ዋጋ፣ የተጻፈ ደንብ ሳይኖር ከገበያው ወደ መኪናው ተሻግሯል ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የደረሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ወሎ ግን ተሽከርካሪን በብዛት ያየው በጦርነት ነበር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶልዮ ጦር ከ1,500 በላይ መኪናዎች አሰልፎ ከደሴ ተነሣና በዚያው ወር 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ጠላት በቆየባቸው ዓመታት የተሠራው ዋና መንገድም ያንኑ መሥመር ስለተከተለ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የመኪና ከተሞች ሲሆኑ፣ ምዕራቡ ደጋ ለረጅም ጊዜ የበቅሎ አገር ሆኖ ቀረ። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ መካነ ሰላም የሚዘልቀው መንገድ ይህን ልዩነት ያጠበበው ዘግይቶ ነው።

ሕጉስ ምን አደረገ? በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 279 ተከተለ። የመንገድ ደንብ ስለ ማቆም ሲናገር በአመዛኙ የሚናገረው መቆም ስለተከለከለበት ስፍራ ነው፤ በመስቀለኛ መንገድ፣ በእግረኛ ማቋረጫ አጠገብ፣ በድልድይ ላይ አይቆምም ይላል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ይህንኑ በስፋት ዘርዝሯል። የሚቆምበትን ስፍራ ማዘጋጀት ግን የደንብ ሳይሆን የአገልግሎት ሥራ ነው፤ አገልግሎት ደግሞ መሬትና ገንዘብ ይጠይቃል። በአሜሪካ የኦክላሆማ ሲቲ ባለሥልጣኖች በ1927 ዓ.ም. በዓለም የመጀመሪያውን የማቆሚያ ሰዓት ቆጣሪ ሲተክሉ ምክንያታቸው የሱቆች ደጅ ቀኑን ሙሉ በቆሙ መኪናዎች መያዙ ነበር። ቆጣሪው በሳንቲም የሠራው ሥራ የእኛ ተራ አስከባሪ በድምፁ ከሚሠራው ብዙ አይለይም!

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ ለመናኸሪያ የሚሆን መሬት የመከለል ሥልጣን በአስተዳደር እጅ ገባ። በዚያው ዘመን የንግድ ተሽከርካሪዎች በማዕከላዊ ስምሪት ይንቀሳቀሱ ስለነበር፣ መናኸሪያው መኪናው የሚያርፍበት ብቻ ሳይሆን መውጫና መግቢያው የሚመዘገብበት በር ሆነ። ስለዚህም በብዙ ከተሞች መናኸሪያ የተሠራው ለተሳፋሪው ከዝናብ መጠለያ ከመታሰቡ አስቀድሞ ለቁጥጥር ነበር። ዛሬም አጥሩ ከጣራው ቀድሞ የሚሠራው ያንን ልማድ ተከትሎ ይመስለናል።

አዲስ አበባ ለችግሩ የራሷን መንገድ ፈልጋለች። ወጣቶችን በማኅበር አደራጅታ የመንገድ ዳር ማቆሚያን በጊዜ ልክ ታስከፍላለች፤ በ2009 ዓ.ም. በመገናኛ መኪናን ወደ ላይ የሚደረድር ማቆሚያ አስመረቀች፤ ለመኪና ተብለው የተፈቀዱ የሕንፃ ምድር ቤቶች ሱቅና መጋዘን ሆነው በመገኘታቸውም ባለቤቶቹን እስከ ማስገደድ ደርሳለች። ይህ ሁሉ ለወረዳ ከተማ የሚበጅ አይደለም። በእነዚህ ከተሞች ስፍራ የሚሻው በአዘቦት ቀን ባጃጅ፣ በገበያ ቀን ደግሞ እህል የሚጭነው አይሱዙና ከገጠር የሚገባው የጋማ ከብት ነው። የአማራ ክልል በ1996 ዓ.ም. ባወጣው የከተሞች አዋጅ ለየደረጃው ከተማ የአገልግሎት ሥልጣን ቢሰጥም፣ ገቢያቸው ግን እኩል አይደለም።

አስፋልት በከተማ መካከል ሲያልፍ የአገሪቱ የመንገድ ንድፍ መመሪያ በሁለቱም ጎን የማቆሚያ ረድፍና የእግረኛ መንገድ እንዲጨመር ያዛል። የከተማችን ትልቁ ማቆሚያ እንግዲህ መንገድ ሠሪው ትቶት የሚሄደው ይህ ረድፍ ነው። መንገዱ የአውራ ጎዳናው፣ ዳሩ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ተራው የማኅበሩ በሆነበት ስፍራ፣ የገበያው ዕለት ጉሊቱ ረድፉን ሲይዘው አይሱዙው ወደ መካከል ይወጣል። ወሰኑ በከተማው ፕላን ላይ ካልተሰመረ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ሰብሳቢ በዚያችው በአንዲት ስፍራ ከባለ ጉሊቷም ከሾፌሩም ደረሰኝ ቆርጦ ወደ ቢሮው ሊመለስ ይችላል።