ሙሉ ልብስ፦ ከማደግደግ እስከ ጂንስ

አማርኛ ለኮትና ሱሪ የሰጠው ስም ሁሌ ይገርመኛል። «ሙሉ ልብስ» ይለዋል። ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ መሰፋታቸውን ለመግለጽ እንደሆነ ይገባኛል። ቃሉ ግን ሳያስበው ሌላ ነገርም ይናገራል። ይኼ ሙሉ ከሆነ ጋቢ የደረበው ገበሬ፣ ነጠላ ያጣፋችው እናት፣ ቁምጣ የታጠቀው የቀን ሠራተኛ የለበሱት ምንድን ነው? ጎዶሎ? ቃሉ እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰጠም ትሉኝ ይሆናል። መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ሰጥተዋል። ብዙ ዘመን በመሥሪያ ቤት በር ላይ ሰው በልብሱ ሲመዘን ኖሯል፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥርም መመዘኛው አብሮ ተለውጧል። ዛሬ «ከረባት ይቅር ወይስ ይኑር? አርብ አርብ ጂንስ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ?» እያልን ስንከራከር ይህን ታሪክ የምናውቀው አይመስለኝም።

ከኮት በፊት ሥርዓት ያለው አለባበስ አልነበረም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ሸማን አያውቀውም። ሸማ አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ቁልፍ የለው፣ ኪስ የለው፣ ልክ የለው። ቋንቋው ያለው አጣጣሉ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በአንድ መልክ ይጣፋል። ሐዘን ላይ ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል። ከአቻ ጋር ሲቀመጡ ትከሻ ላይ ዘና ይላል። ጌታ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ይኼ ነው ማደግደግ የሚባለው። አሽከር አደግድጎ ይቆማል፣ ደጅ ጠኚም አደግድጎ አቤት ይላል። አንድ ሰው ከሩቅ ታይቶ ማን ፊት እንደቆመ ከሸማው አስተሳሰር ይታወቅ ነበር። ልብሱ ከመሥሪያ ቤት ጠፍቷል፣ ቃሉ ግን አልሞተም። ዛሬም አለቃው ፊት የሚሽቆጠቆጠውን ባለ ከረባት «አደግዳጊ» እንለዋለን። ሸማ የለ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ነገር የለ፤ ማደግደጉ ግን አለ።

ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ሌላ አዋጅ አስነግረዋል፦ ባለሙያ በሙያው እንዳይሰደብ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን ሰው ማዋረድ የሚከለክል አዋጅ ነበር። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየኛል። አዲሶቹ ሚኒስትሮች ሥራ የጀመሩት ሸማና ካባ ለብሰው ነው። የሸመነላቸው እጅ ግን እንዳይሰደብ በአዋጅ መጠበቅ ነበረበት። እና ልብሱ ሲከበር ሠሪው ተዋርዶ የኖረው ፈረንጅ ልብስ ሳይመጣ በፊት ነው። ጥፋቱን ሁሉ ኮት ላይ መደፍደፍ አያዋጣም።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኳንንቱን አስከትለው አውሮፓን ሲጎበኙ በነጭ ልብስና በካባ ነበር። በፓሪስና በለንደን የመንግሥት ግብዣዎች ላይ ያ ልብስ ሙሉ ነበር፤ ማንም ኮት አልጎደለውም አላለም። ከስደት ሲመለሱ በ1933 ዓ.ም. የምናያቸው ንጉሠ ነገሥት ግን ካኪ የወታደር ልብስና የፀሐይ ባርኔጣ ያደረጉ ናቸው። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት የሚያውቅ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ታይፕ የሚመታ ሰው ተፈለገ። አዲሱ ጸሐፊ አዲስ ልብስ ለበሰ።

የልብስ ቁም ሣጥናችንን ቃላት ብትመረምሩ ማን በየት እንደገባ ትደርሱበታላችሁ። ኮት ከእንግሊዝ ነው። ካልሲ፣ ቦርሳ፣ የሴት ጫማ ታኮ ከጣሊያን ናቸው። ቱታም ከጣሊያን ነው፤ እንዲያውም ትውልዱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1919 ፍሎረንስ ውስጥ ታያት በሚል ስም የሚታወቅ ሠዓሊ ያወጣው ልብስ ነው፤ ርካሽ፣ ቀላል፣ ማንም ሰው ሊለብሰው የሚችል እንዲሆን አስቦ። እኛ ጋ ሲደርስ የመካኒክና የስፖርተኛ ልብስ ሆኖ ቀረ። ለሁሉም ሰው ታስቦ የተፈጠረው ልብስ፣ በኛ ከተማ ማን የቢሮ ሰው እንዳልሆነ መለያ ሆነ።

አባቴ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ግራጫ ሱፍ ነበረው፣ አንድ። ማታ ማታ እናቴ በከሰል ካውያ ትተኩሰዋለች፣ ጠዋት ይለብሰዋል። ጨርቁ ሲነጣ መርካቶ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ አስገለበጠው። ለማያውቅ ልንገር፤ ኮት ሲገለበጥ ውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አዲስ ይመስላል፣ የደረት ኪሱ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት የለበሰ ሰው ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አባቴ ቀኝ ኪሱ ላይ መሐረብ አያደርግም ነበር። ዓይን እንዳይስብ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ለመሬት ጉዳይ ከመንዝ መጣ። ጥቁር የሱፍ በርኖሱን ደርቦ ነው የመጣው። መንዝ ውስጥ በርኖስ ተራ ልብስ አይደለም፤ ለሠርግ፣ ለሸንጎ፣ ለትልቅ ቀን የሚለበስ ነው። አጎቴ እንግዲህ በራሱ አገር ደንብ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ግን «አንተ ሰውዬ፣ ወዲያ በል!» አለው፤ ግድግዳ ጥግ አስቀምጦ አዋለው። ሁለተኛም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ግራጫውን ኮት አውልቆ ሰጠው፣ እሱ በሹራብ ሥራ ገባ። አጎቴ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ያው ዘበኛ፣ ያው በር፣ ያው ሰው፤ «እርስዎ ለምን ጉዳይ ነው?» ተባለ፣ ገባ። ማታ ኮቱን አጣጥፎ ለአባቴ ሲመልስለት እንዲህ አለ ይባላል፦ «ያን እርስዎ ያሉትን ሰውዬ ይኸው፣ መለስኩልህ።»

ቤታችን ይህ ታሪክ እንደ ቀልድ ነው የሚወራው። እኔ ግን የመሥሪያ ቤት አለባበስ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። አማርኛ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚል ሁለት በር ያለው ቋንቋ ነው። ኮት የሁለተኛው በር ቁልፍ ሆነ።

ሴቶች በዚህ ታሪክ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ወንዱ ኮት ሲለብስ «ሠለጠነ» ተባለ፤ ጸሐፊዋ ጉርድ ቀሚስ ስትለብስ ግን አገር ልትጠፋ ሆነ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ሊታይ ሲል ተማሪዎች በባዕድ ባህል ወረራ ስም ተቃወሙት። ረብሻ ተነሣ፣ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። ቁጣው ከፋሽን ያለፈ ፖለቲካ ነበረው፤ አሜሪካን መቃወም ነበረው፣ ንጉሡን መቃወም ነበረው። ቢሆንም የዚያን ዘመን የሰልፍ ፎቶግራፎች ስትመለከቱ ከወንዶቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ ኮት ለብሰዋል። የባዕድ ልብስ ክርክር የተነሣው ሴቶቹ ገላ ላይ ሲሆን ነው። ይኼ ልማድ ከመሥሪያ ቤቶቻችን እስከ ዛሬ የወጣ አይመስለኝም። የአለባበስ ደንብ የሚባለውን ወረቀት አንሥታችሁ አንብቡት፤ ስለ ወንድ ሁለት መስመር፣ ስለ ሴት ግማሽ ገጽ ታገኛላችሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ወጡ። «ጌታዬ»፣ «ክቡር» ቀርቶ «ጓድ» ሆነ። ከረባት ያሰረ ሰው «አድኃሪ» ወይም «ንዑስ ቡርዥዋ» ሊያስብለው የሚችል ነገር አንገቱ ላይ አስሮ ዋለ ማለት ነው። በአህጉራችን ይህን ያደረግነው እኛ ብቻ አይደለንም። ዛየር ውስጥ ሞቡቱ ኮትና ከረባትን ከልክሎ «አባኮስት» የተባለ ልብስ አስለብሷል፤ ስሙ ራሱ «ሱፍ ይውደም» ከሚል የፈረንሳይኛ አባባል የመጣ ነው። የዛምቢያው ካውንዳም በስማቸው እስኪጠራ ድረስ ሳፋሪ ለብሰዋል። በየአገሩ ሐሳቡ አንድ ነበር፦ የቅኝ ገዢን ልብስ አውልቆ የሕዝብ ልብስ መልበስ።

አባቴ ግራጫውን ሱፍ የብል መድኃኒት ጨምሮ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበትና ካኪ አሰፋ። ለካኪ አንድ ምስጋና ነበረው፤ ሁሌ ይናገረዋል። ርካሽ ነው፣ አይገለበጥም፣ ኪሱ ቦታውን አይለቅም። ድኻ ከሀብታም ጋር እኩል ለብሶ አንድ ጠረጴዛ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር ይላል። ይህን እውነት መካድ አልፈልግም። ግን ቀጥሎ የሚለው ነገርም አለ፤ ትንሽ ቆይቶ በካኪም መካከል ልዩነት መጣ። የካድሬው ካኪ ጨርቁ ሌላ፣ ስፌቱ ሌላ ሆነ። ዘበኛውም አዲሱን ፊደል በፍጥነት ተማረ፤ የትኛው ካኪ ሳይጠየቅ እንደሚያልፍ፣ የትኛው ወረፋ እንደሚይዝ ለየ። ጋቢ የለበሰው ገበሬ ደግሞ፣ አብዮቱ በስሙ የተካሄደለት ገበሬ፣ አሁንም ግድግዳው ጥግ ነበር።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ታጋዮች ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ያደረጉ፣ ጎፈሬ ያሳደጉ ወጣቶች ነበሩ። የከተማው ሰው አፉን ይዞ አያቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከእነሱ መካከል ባለ ሥልጣን የሆኑት ሱፍ ለበሱ፣ ከረባት አሰሩ። ያኔ አባቴም ሣጥኑን ከፈተ። ሱፉ ጠቦት ነበር።

ዛሬስ? ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው የአገር ልብስ ወደ ሥራ ቦታ መመለሱ ነው። ነገር ግን በየት በኩል ተመለሰ? በአውሮፕላን አስተናጋጇ፣ በሆቴል ቡና አፍይዋ፣ በባህል ምግብ ቤት አሳላፊዋ በኩል ነው። ሐበሻ ቀሚስ በሥራ ሰዓት የሚለበሰው በአብዛኛው ትሪ የያዘ ሰው ላይ ነው። ምክር ቤቶቻችን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲከፈቱ እንደራሴዎች የየአካባቢያቸውን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፣ ያምራል። በማግሥቱ አብዛኛው ወደ ሱፉ ይመለሳል። የክብር ልብስ ብለን ለበዓል ካስቀመጥነው፣ በሥራ ቀን ክብር የለውም ማለት አይደል?

ሁለተኛው ከፈረንጅ አገር የመጣው ዘና ያለ አለባበስ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ሊቫይስ የተባለው የጂንስ ኩባንያ «አርብን በዘና አለባበስ» ሲስፋፋ አይቶ ለድርጅቶች የሠራተኛ ኃላፊዎች መመሪያ መጽሔት አደለ፤ ዘና ብሎ መልበስ እንዴት እንደሆነ የሚያስተምር። ነጻነቱም ደንብ ይዞ መጣ ማለት ነው፣ ያውም ሱሪ ሻጩ የጻፈው ደንብ። በ1995 በሠራተኞቹ ነጭ ሸሚዝ ይታወቅ የነበረው አይቢኤም ደንቡን አላላ። በ2019 ጎልድማን ሳክስ የተባለው ባንክ እንኳ ከረባቱን ለሠራተኛው ፈቃድ ተወ።

ይህ ነገር አዲስ አበባ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ራሴ በሠራሁበት አንድ ድርጅት አይቻለሁ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ በቲሸርትና በሰንደል ጫማ ይመጣል፤ ማንም ምንም አይለውም፣ እንዲያውም «ትሑት ነው» ይባላል። ሾፌሩ ግን ኮት መልበስ አለበት። እንግዳ ተቀባይዋ ታኮ ማድረግ አለባት። ሾፌሩ አንድ ቀን በቲሸርት ቢመጣ ትሑት የሚለው የለም፤ «ዝርክርክ» ነው የሚባለው። የድሮው ሥርዓት ተገለበጠ እንጂ አልቀረም፤ እንደ አባቴ ኮት። ያኔ ሱፍ የለበሰ ይከበር ነበር፣ አሁን ሱፍ እንዲለብስ የማይገደድ ይከበራል።

ይህን ሁሉ ስል የሥራ ልብስ ይቅር እያልኩ አይደለም። የነርሷ ጋውን ሕመምተኛው ማንን እንደሚጠራ ያሳውቀዋል። የዳኛው ካባ ፈራጁ ሰውየው ሳይሆን ወንበሩ እንደሆነ ያስታውሳል። በደንብ የተሰጠ የሥራ ልብስ ዝቅተኛ ደመወዝተኛውን ከቀኝ ኪስ ሐፍረት ያድነዋል። ድርጅቱ ልብሱን እንዲህ እንዲሆን ከፈለገ ግን ወጪውንም ይቻል፤ ሦስት ሺህ ብር የሚከፈለውን ሰው ሙሉ ልብስ ግዛ ማለት ደመወዙን መልሶ መቀበል ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማንም የማይጽፈው ደንብ ነው። የአለባበስ መመሪያዎቻችን በሙሉ የሚናገሩት ስለ ሠራተኛው ነው። በሩ ላይ በተግባር የሚፈጸመው ግን ባለጉዳዩ ላይ ነው። ዛሬም አንድ ቀበሌ ወይም ፍርድ ቤት ደጃፍ ግማሽ ቀን ብትቆሙ ትሰሙታላችሁ፤ ጋቢ ለባሹ «አባባ፣ ቆይ እዚያ ጋ» ይባላል፣ ከኋላው የመጣው ባለ ሱፍ «ይግቡ» ይባላል። ስለዚህ የሚቀጥለውን የአለባበስ መመሪያ የሚያረቅ ሰው ካለ አንድ አንቀጽ እንዲጨምርልኝ እለምናለሁ፤ ስለ ከረባትም ስለ ጂንስም የማይናገር። በዚህ በር የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ምንም ቢለብስ፣ «እርስዎ» ይባላል። ይኼ ብቻ።