የናንት ከተማ ትራም፤ አነሣሡ፣ አወዳደቁና አመላለሱ

በከተማ መካከል በሐዲድ ላይ የሚሄደው ትራም ዘመኑ ያለፈበት መጓጓዣ ስለ ነበረ በአውቶቡስና በመኪና ተተካ የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ እንደ እውነት ተቀባይነት አግኝቶ ኖሯል። በምዕራብ ፈረንሳይ በሎዋር ወንዝ ዳር የምትገኘው የናንት ከተማ ታሪክ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልነበረ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ናንት በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ከተሞች የቀደመች ነበረች። መሐንዲሱ ሉዊ ሜካርስኪ በፈጠረው ዘዴ በታመቀ አየር የሚንቀሳቀሱ ትራሞች በ1879 በከተማይቱ ሥራ ጀመሩ። አየሩ በጣቢያ ታምቆ በሠረገላው ውስጥ ባሉ በርሜሎች ይሞላል፤ ከዚያም በሙቅ ውኃ ውስጥ አልፎ ከሞቀ በኋላ ፒስተኑን ይገፋል። ፈረስ የለ፣ ጭስ የለ! ይህ ዘዴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ በኤሌክትሪክ ተተካ።

ውድቀቱ የመጣው ከሞተሩ ሳይሆን ከሒሳቡና ከመንገዱ ነው። በፈረንሳይ የትራም ኩባንያዎች ዋጋቸውን በውል ተገድበው የሚሠሩ ስለ ነበሩ፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ሐዲዱን ማደስ ተሳናቸው። ከዚህም በላይ መኪና እየበዛ መንገዱን ሲያጨናንቅ ትራሙም በዚያው መጨናነቅ ተያዘ፤ ይሁን እንጂ ጥፋተኛ የተባለው ትራሙ ነው። ናንት በ1943 በአየር ድብደባ ክፉኛ ተጎዳች፤ በ1958 የመጨረሻው ትራም ቆመ። ቀስ በቀስም በመላው ፈረንሳይ ትራም የቀረው በሊል አካባቢ፣ በማርሴይና በሴንት ኤትየን ብቻ ሆነ።

የመመለሱ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። በእኔ ግምት ግን ከዚያ የማያንስ ምክንያት በ1971 ለፓሪስ የወጣውና በ1973 ወደ ሌሎች ታላላቅ ከተሞች የተዳረሰው ሕግ ነው፤ ይኸውም አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ አንጻር ተሰልቶ ለከተማ መጓጓዣ የሚውል ግብር እንዲከፍሉ የሚያዝ ነው። በዚህ ሕግ ከተሞች የማይቋረጥ ገቢ አገኙ። በ1975 የመጓጓዣ ጉዳይ ኀላፊ የነበሩት ማርሴል ካቫዬ ስምንት ከተሞች ትራምን እንዲያስቡበት በደብዳቤ ጋበዙ። የሚያስገርመው፣ ናንት ከስምንቱ አንዷ አልነበረችም።

ሆኖም በ1977 ከንቲባ የሆኑት አላን ሼናር ሐሳቡን ያዙት። ግንባታው መንገዱን ሲቆፋፍረው ቅሬታው በረታ፤ በ1983ቱ ምርጫም ሼናር ተሸነፉ። የተተኩት ሚሼል ሾቲ የትራሙ ተቃዋሚ ነበሩ፤ ነገር ግን ሥራው እጅግ ስለ ገፋ ማቆም አልተቻለም። በጥር 1985 ትራሙ ሥራ ሲጀምር ያስጀመሩት ሰው ከሥልጣን ወርደው ነበር። ግሬኖብል በሕዝብ ድምፅ አስወስና በ1987 ተከተለች፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በመወትወታቸውም የሠረገላዎቹ ወለል ዝቅ ተደርጎ ተሠራ። በስትራስቡርግ ደግሞ የ1989ኙ ምርጫ ዋና ክርክር ከመሬት በታች የሚሄድ ባቡር ወይስ በጎዳና ላይ የሚሄድ ትራም የሚል ነበር። ትራም አሸነፈ፤ በ1994ም ተከፈተ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር በብዙ ስፍራ መስመሩ በአጥር ተከልሎ፣ እግረኛው ማቋረጫ ፍለጋ ረጅም መንገድ እንዲዞር ተገደደ። የናንት መሐንዲሶች ለሐዲዱ የራሱን መሬት ቢሰጡትም በከተማው መካከል እግረኛው በቀላሉ እንዲሻገረው አድርገዋል። የዚህ ልዩነት ዋጋ በቁጥር ለመግለጽ ቢያስቸግርም ለሙያው ሰው የሚሰወር አይደለም።

በ1989 ዣን ማርክ ኤሮ የናንት ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ ሁለተኛው መስመር በ1992 ተከፈተ። በዚህ ጊዜ የኤርድር ወንዝ ተደፍኖ በተሠራውና መኪና ሞልቶት በኖረው ሰፊ ጎዳና ላይ ሐዲዱ፣ ዛፉና እግረኛው ቦታ አገኙ። ሦስተኛው መስመር በ2000 ተከተለ።